እግር ሳያወርዱ ማርጀት

አገራችን ለሽማግሌ የፈቀደችው ደስታ በጣም ጥቂት ነው። ፀሐይ መሞቅ ይችላል፤ እሱም ደብረ ብርሃን ላይ ፀሐይ ከተገኘች ነው። እድር ላይ መናገር ይችላል፤ ሰሚ ካገኘ። የዛሬን ልጆች መውቀስ ይችላል፤ ይሄ እንኳ ያለ ገደብ የተፈቀደ ነው። ከዚህ ያለፈ ደስታ ያማረው ሽማግሌ ግን ወይ ጃጅቷል፣ ወይ ሰክሯል፣ ወይ የደበቀው ጉድ አለ። ሽማግሌ ብቻውን ከሳቀ «ምን ነካው?» ይባላል። ሽማግሌ ከሮጠ «ማን ሞተ?» ይባላል። ሽማግሌ ሞተር ሳይክል ላይ ቆሞ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ድንጋይ ሊወጣ ሲታገል ከታየስ ምን ይባላል? የተባለውን ልነግራችሁ ነው። እንድትስቁ አልከለክልም፤ እኔን ግን ሳቅ ብላችሁ አታስገድዱኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ከብት ስከትብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ገበሬው «ዶክተር» ይለኛል። ዶክተር አይደለሁም፤ ግን ላም ዲፕሎማ አትጠይቅም። ከጫጫ እስከ ሰላ ድንጋይ፣ በዚያኛው ወገን ደግሞ ቁልቁል እስከ አሊዩ አምባ፣ የክትባቱን ሳጥን ከኋላዬ አስሬ በመሥሪያ ቤቱ ሞተር ያልደረስኩበት ቀዬ የለም። አንዳንዱ ቀዬ መንገድ አልነበረውም። መንገድ የለውም ብሎ ግን አባ ሰንጋ አይቀርም፤ ስለዚህ እኔም አልቀርም ነበር። ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ምን ይናፍቅሃል ብትሉኝ፣ ደሞዙ አይደለም፤ አለቆቼማ በጭራሽ፤ ላሞቹም ቢሆኑ በደህና ይክረሙ። የናፈቀኝ ድንጋዩ ነው። ያ የአንኮበር ቁልቁለት ድንጋይ ጎማ ሥር ሲንከባለል፣ ሞተሯ ወደ ገደሉ ልሂድ ስትል፣ እኔ መርገጫው ላይ ቆሜ በጉልበቴ «ነይ ወዲህ» ብዬ ስመልሳት የሚሰማኝ ነገር። ስም አላወጣሁለትም። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃዎቹን በጨረታ ሲያወጣ ያችኑ ሞተር ገዛኋት። ሁለታችንም ባንድ ዓመት ጡረታ ወጣን ማለት ነው።

ጨዋታ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከዚያ በኋላ፣ ሰይፉ ቤት ነው። ሰይፉ የድሮ የመንገድ ሥራ ሾፌር ነው፤ ቤቱ ዲሽ አለ። አንድ ቀን እኔና አፈወርቅ፣ ጡረታ የወጣው የስፖርት አስተማሪ፣ እሱ ዘንድ ቁጭ ብለን ቆሎ ስንቆረጥም ፈረንጆች በሞተር ድንጋይ ሲወጡ አየን። መጀመሪያ ሽቅድምድም መስሎኝ ነበር። ለካስ አይደለም! ማን ቀደመ የሚል የለም። የሚባለው ማን እግሩን አላወረደም ነው። ድንጋዩን፣ ወንዙን፣ ግንዱን፣ ያሻህን ያህል ተንቀርፍፈህ እለፈው፤ እግርህ መሬት ከነካ ግን ተቀጣህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? በዚህ ጨዋታ እንቁላሉ በእግሩ ከሄደ ተሸነፈ። ሦስታችን ተያየን። ቀርፋፋ የሚያሸንፍበት ጨዋታ! እኔ አርባ ዓመት ሙሉ በልቶ ለማደር ስሠራው የኖርኩት ነገር፣ ሰው ቲኬት ቆርጦ የሚያየው ስፖርት ኖሯል!

እንዲህ ነው የጀመርነው። ሰይፉና አፈወርቅም ከየትም ከየትም ብለው አሮጌ ሞተር አገኙ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አንኮበር አፋፍ እየወጣን ድንጋይ እንመርጣለን፤ አንዱ ይወጣል፣ ሁለቱ እግሩን ያያሉ። እግሩን ያወረደ ሲመለስ አረቄ ይጋብዛል። በእኛ ዕድሜ የነበረንን ደስታ ብነግራችሁ ትቀኑብኝ ነበር፤ ስለዚህ አልነግራችሁም። ደግሞም ብዙ አልቆየም።

ዕድሜ እንደ ምስጥ ነው። ምሰሶው ከውጭ ሲታይ እንደቆመ ነው፤ አንድ ቀን ደገፍ ስትለው ነው ባዶነቱን የምታውቀው። መጀመሪያ ሰይፉን ስኳር ዓይኑን ያዘበት። ሞተሩን ሸጠ። አሁን በሩ ላይ ተቀምጦ የሚያልፈው ሞተር የማን እንደሆነ በድምፁ ይለያል፤ ሲለይም ፊቱ ላይ የሚታየውን ነገር ላለማየት እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቻለሁ። ከዚያ የአፈወርቅ ወገብ መጣ። ከዚያ የኔ ጉልበት። ሲታጠፍ እንደ አሮጌ መዝጊያ ይጮኻል። የሞተሯን ማስነሻ ለመርገጥ እግሬን አንስቼ፣ ወገቤን አማክሬ፣ ጸሎት አድርሼ ነው። ለመውረድማ ድንጋይ ፈልጌ ካላስጠጋኋት እግሬ አይሻገርም። ሰው የሚወደውን ነገር ጠልቶት ቢተወው እንዴት ጥሩ ነበር! እኔ ግን ፍቅሩ እንዳለ ነው፤ ጥሎኝ የሄደው አካሌ ነው።

ባለቤቴ ዘነበች ይህን ጨዋታ ጨዋታ ብላ ጠርታው አታውቅም። «ሰው በዚህ ዕድሜው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይጠጋል፤ አንተ ወደ ገደል ትጠጋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ መልስ የለኝም። መልስ የሌለው ባል ደግሞ ምን ያደርጋል? ይዋሻል። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ለቅሶ ልደርስ ነው እላለሁ። ጫጫ አንድ የድሮ ባልደረባዬን ገደልኩ። ሰላ ድንጋይ ሁለት ወንድማማቾችን በተከታታይ ቀበርኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የአንዱን ሰልስት ሁሉ ደርሻለሁ። ኋላ ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? ውሸቴ ሳያልቅ እውነተኛው ለቅሶ ደረሰበት። ጓደኞቼ በእውነት ይሞቱ ጀመር። ቅዳሜዬን የእውነት ሬሳ ወሰደብኝ። መዋሸት የቀረልኝ እንዲህ ነው፤ በመታረም አይደለም።

ያቺ ቅዳሜ ግን ማንም ያልሞተባት ቅዳሜ ነበረች። አፈወርቅ በር ላይ መጥቶ የሞተሩን ጡሩምባ ነካ አደረገ፤ ዘነበች ጓዳ ነበረች፤ ወጣሁ። ጉሙ ገና አልተነሳም። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ ላይ የሚነፍሰውን ንፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት ደግሞ አትመኙት። ካፖርቴን ሰንጥቆ የጎን አጥንቴን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ከአንኮበር ከተማ ሳንደርስ ከዋናው መንገድ ወጥተን በአህያ መንገድ ወደ አፋፉ ወረድን። እዚያ «ጡረታ» የምንላት ድንጋይ አለች። ስሟን ያወጣላት አፈወርቅ ነው፦ ከሩቅ ስትታይ ደልዳላ፣ ሲደርሱባት ወገብ ሰባሪ። ሁለት ደረጃ ነገር አላት፤ ከላይ ጫፏ ላይ ትንሽ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ደግሞ ምንም። ሦስታችንም ጤነኞች በነበርንበት ጊዜ እንኳ እግሩን ሳያወርድ የወጣት የለም።

ለምን በዚያ ቀን ልሞክራት እንዳማረኝ እንጃ። ምናልባት ጉልበቴ እየባሰበት መሄዱን ስላወቅሁ ነው። ዘንድሮ ካልወጣኋት መቼም አልወጣትም አልኩ። አፈወርቅ «ጥቂት ጠብቀኝ» ብሎኝ ወደ አንድ ቋጥኝ ኋላ ሄደ። በእኛ ዕድሜ ከቋጥኝ ኋላ የሚሠራ ሥራ ቶሎ እንደማያልቅ፣ ያረጀ ያውቃል። ሞተሯ ተነሥታለች፤ እግሬ ሞቋል፤ ጉሙ ገለጥ ብሏል። ብጠብቀው ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አልጠበቅኩትም።

አንደኛ ማርሽ አስገባሁ። መርገጫው ላይ ቆምኩ። ፍሪሲዮኑን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እንደ ማር ቀስ አድርጌ ለቀቅኳት። የፊት ጎማዋ የመጀመሪያውን ደረጃ ነካ፤ ጋዝ ሰጠኋት፤ ወጣች። ኋላዋ ተከተለ። መሐል ላይ ቆም አለች፤ እኔም እንደሷ ቆምኩ። ሳትወድቅ፣ ሳትሄድ፣ እግሬም ሳይወርድ፣ ሁለታችን በዚያች ጠባብ ደረጃ ላይ ዝም ብለን ቆምን። እመኑኝ፣ ያን ጊዜ ጉልበቴ አላመመኝም። ዕድሜዬ ከየት እንደሄደ አላውቅም። ከዚያ ሰውነቴን ወደ ፊት ወርወር፣ ጋዝ፣ እና ጫፉ ላይ ነበርኩ። እግሬ አልወረደም! «ጡረታን» ወጣኋት!

ማን አየኝ? ጭላዳ ዝንጀሮዎች። ከበታቼ ካለው ሜዳ ሣር ይነጩ ነበር። አንዱ ጎፈሬያም፣ የመንጋው አለቃ መሰለኝ፣ ሣሩን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። አድናቆት ይሁን ስድብ እስካሁን አልለየልኝም።

በጎኗ በኩል ዞሬ ወርጄ ስመለስ አፈወርቅ ሱሪውን እያስተካከለ መጣ። ልትጀምር ነው ወይ አለኝ። ወጣኋት አልኩት። «ምኗን?» አለ። ጡረታን፣ እግሬ ሳይወርድ፣ አልኩት። አየኝ፤ ድንጋይዋን አየ፤ ደግሞ አየኝ።

«ኧረ ባክህ» አለ።

«ጻድቃኔ ማርያምን!»

«ማርያምን ተዋት፤ ምስክር አምጣ።»

ወደ ጭላዳዎቹ ጠቆምኩ። ይህን ያህል ሲስቅ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ ሳቅ ያልተሳቀበት ሰው ቢኖር እሱ የታደለ ነው። ዝንጀሮ ምስክር ያቆመ ሽማግሌ ምን ክብር አለው? ሰው የዕድሜውን ትልቁን ነገር ሠርቶ አንድ ሰው እንኳ ካላየለት፣ ሠርቷል ይባላል? ፈላስፎች ይከራከሩበት። እኔ ግን ፈላስፋ አይደለሁም፤ ሞተሬን አዙሬ «ዓይንህን ክፈትና እይ!» አልኩት።

በሁለተኛው ምን እንደሆነ ብዙ አላስረዝምባችሁም። ድንጋይዋ ያችው፣ ሞተሯ ያችው። እኔ ግን ያው አልነበርኩም፤ የመጀመሪያው ሰው ለራሱ ነበር የወጣ፤ ሁለተኛው ለአፈወርቅ ነው። መሐል ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። እግሬን ላወርድ ስል መሬቱ ካሰብኩት ራቀ። ሞተሯ በላዬ መጣች። አንድ ነገር ቀሽ ሲል ሰማሁ፤ የሞተሯ ማርሚታ በሆነ ብዬ ተመኘሁ፤ አልነበረም።

አፈወርቅ ጮኸ። ጩኸቱን ሰምተው ከበታች ካለው መንደር ሰዎች እየሮጡ መጡ። ከፊት የመጡት አቶ እሸቴ የሚባሉ፣ ከኔ ጥቂት ከፍ የሚሉ ገበሬ ናቸው። ድሮ በሬያቸውን ከትቤላቸዋለሁ፤ አወቁኝ። «ወይኔ! ዶክተሩ ናቸው!» አሉ። ሞተሯን አነሡልኝ፤ ሁለት አጣና ቆርጠው ጋቢ አስረው ቃሬዛ ሠሩ፤ ጎረምሶቹ ተሸከሙኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ እንደ ሕፃን ነው የያዙኝ። ግን አቶ እሸቴ ከጎኔ እየሄዱ የከነከናቸውን ነገር መጠየቃቸው አልቀረም።

«መንገዱ ጠፍቶዎት ነው?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

«መንገዱ እኮ ይኸውልዎ። አህያ እንኳ በዚህ ነው የምታልፍ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ድንጋዩ ላይ ምን ነበርዎት?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? ለጨዋታ ነው አልኳቸው።  አቶ እሸቴ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሲዋሽ የሰሙትን ሰው እንኳ ውሸታም አይሉም። ጥቂት ሄደን ሄደንና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ግድ የለም፣ ገብቶኛል» አሉ። «የንስሐ አባትዎ የሰጡዎት ነው።» ከዚያ ለጎረምሶቹ ያብራሩላቸው ጀመር። ድሮ ስግደት ይሰጥ ነበር፤ ድንጋይ ተሸክሞ ቤተ ክርስቲያን መዞርም ይሰጥ ነበር፤ አሁን እንግዲህ ዘመኑ የሞተር ሆነ። ጎረምሶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱ እንዲያውም ለክብሬ ሲል ቃሬዛውን ከፍ አደረገ።

አፈወርቅ ከኋላ ይከተላል። ዞር ብዬ «አንተ፣ ንገራቸው እንጂ!» አልኩት። አፈወርቅ፣ ስሙ አፈወርቅ የሆነው ሰው፣ አፉን ዘግቶ በሐዘን አንገቱን ደፋ።

ሆስፒታል አንዲት ልጄ ልትሆን የምትችል ሐኪም የእግሬን ራጅ ወደ ብርሃን አድርጋ አየች። አጥንቱ ይገጥማል አለችኝ፤ ጉልበቱ ግን እንደ ድሮው አይታጠፍም። «ሞተርስ?» አልኳት። ቀልድ የነገርኳት ያህል ፈገግ አለች፤ ከዚያ እንዳልቀለድኩ ስታይ ፈገግታውን መለስ አድርጋ «አባባ፣ ካሁን በኋላ ከዘራ ነው» አለችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። እንዲያውም ትራሴን አስተካክላልኝ ሄደች። እኔ ግን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሰው ሲሞት ይለቀስለታል፤ እድር ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። ሰው ሳይሞት የሚወደው ነገር ሲሞትበት ግን ማን ድንኳን ይተክልለታል?

ዘነበች መጥታ አለቀሰች፤ ደግሞ አልተቆጣችኝም። እግሬን በጀሶ ተጠቅልሎ ስታየው «ሁሉም ይቀር፤ ነፍስህ ትረፍ» አለች። ቤት ገባሁ። አጥሚት ሠራችልኝ፣ በጋቢ ጠቀለለችኝ። አንድ ሳምንት ያህል፣ ሞተሯን ሳስባት ከማለቅሰው በቀር፣ ሰላም ነበር። በሳምንቱ አቶ እሸቴ ሊጠይቁኝ እንቁላል ይዘው መጡ። ሞተሯን በደህና አስቀምጠዋታል፤ ዝናብ እንዳይነካት ጣራ ሥር አድርገዋታል፤ ተባረኩ። ሲወጡ በር ላይ ቆመው ለዘነበች «እግዚአብሔር ንስሐቸውን ይቀበልላቸው፤ አባትዬው ግን ከበድ አድርገውባቸዋል» ብለዋት ሄዱ።

ዘነበች በሩን ዘጋች። መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«የምን ንስሐ ነው?» አለችኝ።

«ምንም ንስሐ የለም። ሰውዬው ራሳቸው የገመቱት ነው።»

«ታዲያ ድንጋይ ላይ ምን ትሠራ ነበር?»

«ታውቂው የለም እንዴ? ጨዋታ ነው።»

«ስልሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው፣ ጉልበቱ እየጮኸ፣ በዚያ ብርድ፣ መንገዱ ከጎኑ እያለ፣ ለጨዋታ ድንጋይ ላይ ይወጣል? ዛሬ ነው የገባኝ። እኔ ሞኟ ስንት ዓመት ጨዋታ ነው ስትለኝ አመንኩህ!»

ፍረዱኝ እንግዲህ! እውነቱን የተናገርኩት በስንት ጊዜዬ ነው። ቀጥላ ወደ አፈወርቅ ቤት ሄደች። እዚያ ስትደርስ ለካስ ነገሩ ቀድሟታል። አፈወርቅ፣ ሚስቱ «አንተስ ምን ልትሆን ተከትለኸው ሄድክ?» ብላ ስታፋጥጠው፣ «ንስሐውን ብቻውን ይፈጽም ብዬ ልተወው እንዴ? ጓደኛዬ እኮ ነው!» ብሏት ኖሯል። ሚስቱ አልቅሳ እግሩን አጥባዋለች አሉ።

ሊጠይቀኝ ሲመጣ ያገኘሁትን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ጎንበስ ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «ምን ላድርግ?» አለኝ። «እውነቱን ብናገር የሚያምነኝ የለም። በዚህ ዕድሜያችን ደስ ስለሚለን ነው ብል፣ ሁለታችንንም አማኑኤል ነው የሚወስዱን። ንስሐ ነው ስላቸው ግን ገባቸው።» ከዚያ ጀሶዬን በጣቱ እየነካ፣ «እኔም ሞተሬን ልተዋት ነው። ብቻዬን ምን ይሠራልኛል?» አለ። ከዚህ በኋላ መስደብ አቃተኝ።

ቀረኝ ያልኩት ምስክር የንስሐ አባታችን መምሬ ደምሴ ነበሩ። ዘነበች አስጠራቻቸው። እኔም ደስ አለኝ፤ እሳቸው እንዲህ ያለ ንስሐ አልሰጠሁም ካሉ ነገሩ አለቀ። መጡ፤ መስቀል አሳለሙን፤ ተጠየቁ። «ልጄ፣ እኔ በሞተር ድንጋይ ውጣ ብዬ ቀኖና አልሰጠሁም፤ እንዲህ ያለም ሰምቼ አላውቅ» አሉ። ዘነበች እጃቸውን ሳመች። ሲወጡ ወደኔ ዞራ «አየህ? ካህን የሰማውን ኃጢአት ለሚስት እንኳ አያወጣም። ምን ያለ ከባድ ነገር ቢሆን ነው እንዲህ ድርቅ ብለው የካዱት!» አለች።

ከዚያ ዝምታው መጣ። ዘነበች ተሳድባ አታውቅም፤ ዝም ነው የምትል። ምግቤ ይቀርባል፣ ውኃዬ ይቀርባል፣ ቃል የለም። መኝታዋን ወደ ሌላኛው ክፍል ወሰደች። እኔ እግሬን ሰቅዬ ጣራ አያለሁ። ጉልበቴ የለም፣ ሞተሬ የለችም፣ ጓደኞቼ የሉም፣ አሁን ደግሞ ሚስቴም ልትሄድ ነው። ለምን? ስላልሠራሁት ኃጢአት! አንድ ቀን ከሌላኛው ክፍል ስታለቅስ ሰማኋት፤ ሰው እንዳይሰማት አፏን በነጠላዋ ይዛ። ያን ጊዜ ቆረጥኩ። እውነት ካላስታረቀን፣ የሚያስታርቀን ይምጣ።

ጠራኋት። ሴት ነበረች አልኳት። ሰላ ድንጋይ። ያኔ ለክትባት ስወጣ፣ ብዙ ዘመኑ ነው። ዘነበች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያ፣ ታምኑኛላችሁ? እፎይ አለች። እንዲህ ያለ እፎይታ የጉልበት ሕመም ሲለቅ ካልሆነ በቀር አይቼ አላውቅም። ጥያቄው ቀጠለ። ረጅም ናት? መካከለኛ ናት አልኩ። ቀይ ናት? ጠይም ናት አልኩ። የት ናት አሁን? እንዳትሄድባት ፈርቼ፣ ሞታለች አልኩ። «እህ» አለች፤ ድምፅዋ ለሰለሰ። «ተዝካሯስ ወጥቷል?» ዘመድ አልነበራትም አልኳት፤ ጥያቄው ያልቅ ብዬ ነው። እሱን ባልናገር ኖሮ!

ዘነበችን የማያውቅ አሁን ይስቃል፤ የሚያውቃት ግን ምን እንደምትል ያውቃል። ስታስብ ሰነበተችና ይቅር አለችኝ፤ መኝታዋንም መለሰች። ግን አንድ ነገር አስጨንቋታል። ያቺ ምስኪን ሴት በኔ ምክንያት በደሏን እንደተሸከመች ሞታ፣ ዘመድ የላት፣ ተዝካር ያልወጣላት፣ ነፍሷ ስትንከራተት እንዴት ትኑር? እኛ ካላወጣንላት ማን ያወጣላታል? መምሬ ደምሴ ተጠሩ። የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። ወለተ ሥላሴ አልኩ። አሁን በእርግጥ ንስሐ የሚያስፈልገው ኃጢአት ሠራሁ ማለት ነው፤ ግን ለማን እናገረዋለሁ?

ለድግሱ ምን ይሸጥ? ቤታችን ውስጥ ሊሸጥ የሚችል ነገር አንድ ብቻ ነበር። አቶ እሸቴ ጣራ ሥር ያኖሯትን ሞተር አንድ የገብስ ነጋዴ ወስዶ ከረጢት ይጭንባት ጀመር።

ቀኑ ደረሰ። ጠላው ተጠመቀ፣ በግ ታረደ፣ ካህናቱ መጡ፣ ከሰፈር የተቸገሩ ሁሉ ተጠሩ። አፈወርቅም ከሚስቱ ጋር መጥቶ በደንብ በላ። እኔ እግሬን በርጩማ ላይ ዘርግቼ፣ ከዘራዬን ታቅፌ ከግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ። ጸሎቱ ደርሶ መምሬ «ነፍሷን በአብርሃም በይስሐቅ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን» ሲሉ፣ የነጋዴው ልጅ ሞተሯን አስነሥቶ በበራችን አለፈ። በድምፅዋ ለየኋት። ሦስተኛ ማርሽ ላይ ነበረች፤ ማርሹን አለቦታው ነው ያስገባባት። እንባዬ መጣ፤ ልይዘው አልቻልኩም፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ዘነበች ከጎኔ መጥታ ተቀመጠች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና፣ ሰው እንዳይሰማ ዝቅ ብላ፣ «ይህን ያህል ትወዳት ነበር?» አለችኝ።

«በጣም» አልኳት። በዚህ ሁሉ ጉድ ውስጥ ካመነችኝ ቃል ሁሉ እውነቱ እሱ ብቻ ነው።